ልብ ግዛ

እኩለ ሌሊት ነው፤ ኤድመንተን በጥር፣
መኪናው በሽቦ ከግድግዳ ሲታሰር፣
እኔ ከብርድ ልብስ ሥር ስልኬን ታቅፌ
ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ ከእንቅልፍ ተኳርፌ
አንድ አምፕሊፋየር አየሁ።
ፊቱ ብር፣ ጎኑ እንጨት፣ መርፌዎቹ ሰማያዊ ብርሃን ላይ የተኙ፤
ሺህ ስምንት መቶ የሚያወጣው “በአራት መቶ፣ ቀድመው ለሚገኙ።”

ሻጩ ብራንደን ይባላል፤ ቃሉን ማር ነክሮታል፤
“ወንድሜ፣ ፈላጊው በዝቷል፤
ግማሹን ላክልኝና ላንተ ላስቀምጠው።”
እጄ ወደ ባንኩ ገጽ ሲሄድ አየሁት፤ የኔ እጅ አይመስልም።
ለርካሽ ነገር የሚሮጥ ሰው ጫማውን አያስርም።

ደግነቱ፣ ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤
ሰው ፎቶ ሲያይ ፊት ያያል፣ እኔን ሶኬቱ ነው የሚታየኝ።
በሁለት ጣቴ ለጠጥኩት፣
ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ጥግ አየሁት፦
ሁለት ክብ ቀዳዳ!
እዚህ አገር የሶኬት ዓይን ስንጥቅ ነው፤ ይሄ ባሕር ማዶ ነው፣ የሌላ ሰው ጓዳ።

“ብራንደን፣” አልኩት፣ “አንድ ነገር ብቻ አስቸግርህ፦
የዛሬን ቀን በወረቀት ጻፍ፣ ከሥሩ ‘ዘርይሁን’ ብለህ፣
ማሽኑ ላይ አስቀምጠህ አንሣልኝ።”
“ከከተማ ወጥቻለሁ።”
ቀጥሎ፣ “ሚስቴ ታማለች።”
ቀጥሎ፣ “አታምነኝም ማለት ነው?”
ቀጥሎ ዝም።
የሌለ ዕቃ ላይ ወረቀት አይቀመጥም።

ወንድይራድን ሳልነግራችሁ ባልፍ ግፍ ነው።
ባለፈው ኅዳር ለሸክላ ማጫወቻ ሰባት መቶ ዶላር ልኮ፣
የመላኪያ ቁጥር ተቀብሎ፣
ፈቃድ ወስዶ ቤት ውሎ፣
ሣጥኑ መጣ። ከባድ ነው። ደስ አለው። በቢላ ቀደደው።
ውስጡ በረዶ ላይ የሚበተን ጨው፣ አሥር ኪሎ፤
ደረሰኙ እንኳ አልተላጠም፣ ሌባው ሁለት ዶላር ቅናሽ አግኝቶበታል።
የትናየት አልጮኸችም። ደጃፉ ላይ በተነችው።
“ውድ ጨው ነው፣” አለች ለባሏ፣ “ቀስ ብለህ ርገጠው።”

ወይዘሮ ሃሊናን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው፣
በሰሜኑ ሰፈር፣ ጉልላቱ ሽንኩርት ከሚመስል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ።
ፎቶዋ ደብዛዛ፣ አውራ ጣቷ የገባበት፤ ዋጋዋ አይረክስም፤
“መጥተህ ስማው” ይላል፣ ሌላ ቃል የለበትም።

በሩን የወንድሟ ልጅ ከፈተ፤ የሆኪ ዱላ ይዟል፤
ጫማዬን አየ፣ እጄን አየ፣ ከኋላዬ ያለውን መንገድም አይቷል።
እሷ የሰጠኋትን ብር አንድ በአንድ አምፖል ላይ ይዛ፣
በምታሳልፈዋ መስኮቱ በኩል አየችኝ፤ በአንድ ዓይኗ አነጣጥራ።
“ባለፈው ወር የመጣው ሐሰተኛ ብር ሰጥቶኝ የባሌን ካሜራ ወሰደ።”
ለካ ሌባ የምፈራው እኔ፣ ሌባ ተብዬ እየተፈራሁ!
ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ ሳቅሁ፤
ጓንቴን አወለቅሁ።

ምድር ቤት ወረድን። የራሴን ስፒከር ይዤ ነበር።
የድምፁን ማዞሪያ ሳዞር እንደ ጋለ ቅቤ ተንጣጣ።
“እውነቱን ልንገርህ፣” አለች፣ “ሲበርደው ግራው ይጠፋል፤
በመዳፍህ አንዴ መታ ስታደርገው ይመለሳል።
ባሌ ሃያ ዓመት ሲመታው ኖረ፤
እኔን ግን አንድም ቀን።”
የብራንደን ማሽን፣ ብታስቡት፣ ምንም እንከን አልነበረበትም፤
የሌለ ነገር አይበላሽም።

“ልብ ግዛ!” ይሉኝ ነበር ልጅ ሳለሁ፣ ሳንቲም በጣልኩ ቁጥር፤
የት ገበያ እንደሚሸጥ ግን የነገረኝ አልነበር።

ዛሬ ማታ ቤቱ በርዷል። ዘፈኑ መሐል ላይ ግማሹ ጠፋ።
ተነሣሁ፣ በመዳፌ መታ አደረግሁት።
ግራ ገባኝ።
እንዲህ ግራ ገብቶኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም።