ከሺህ ጥቂት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው፤ ሳልሚያ ድምጿን አጥፍታ፣
ወበቁ ከባሕር ወጥቶ መስኮት ይዳስሳል በተርታ።
የኔ ግን ከውጭ አይደለም፤ ከደረቴ ሥር የሚነሣ፣
ዐመድ ለብሶ የቆየ ፍም፣ ማን እንደ ጫረው የረሳ።
አንገቴ ይጋያል፣ ጆሮዬ፤ ትራሴ ውሃ ይሆናል፤
ኤሲው አሥራ ስምንት ቢል ገላዬ መቼ ይሰማል?

ተነሣሁና በባዶ እግሬ
የፍሪጁን በር ከፍቼ፣
አንገቴን እርጎው መሐል አስገብቼ
እንደ ሌባ ቆሜ ሳለሁ፣ ኮቴ ሰማሁ ከኋላዬ።
ማዳም ቡሳይና።
የሐር ፒጃማዋ ከጀርባዋ ተጣብቆ፣
ፀጉሯ ርሶ ግንባሯ ላይ ወድቆ።
"አንቺም?" አለችኝ።
"እኔም" አልኳት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቤቷ ብዙ "አምጪ" ብዙ "ውሰጂ" ሰማሁ፣
እንዲህ ያለ አጭር ወሬ ግን ያን ሌሊት ገና አገኘሁ።

ወር ሳይሞላ እሷ ተኛች።
እኔ አንሶላዋን ሳጥብ፣ ከጠርዙ ላይ አንድ ነገር፣
እንደ ሽንኩርት ስስ ሽፋን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ተጣብቆ ነበር።
በጥፍሬ ልጬ አነሣሁት፤
ለካስ እንቅልፏ ነው፣ ከገላዋ ወልቆ ያገኘሁት።

ሐሙስ ይዛኝ ሄደች፤ በመኪናዋ፣ ከፊት ወንበር።
(ፊት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቀበቶው እንኳ አስቸግሮኝ ነበር።)
ዶክተር ረጃእ ጠየቀችኝ። "ዕድሜ?"
"ፓስፖርቴ አርባ ስድስት ይላል።"
"አንቺስ?"
"አምሳ ሁለት ሳይሆን ይቀራል?"
"የወር አበባሽ ከቆመ?"
"ሁለት ረመዳን፣ አንድ ቀን ቀዷ ሳይኖርብኝ ጾምኩ።"
ሳቀች። ጻፈች። እኔም አፍሬ ሳቅኩ።

ከዚያ ነገረችኝ፣ ቀስ ብላ፣ በሚገባኝ ዐረብኛ፤
"ግለቱ ይበርዳል፣ ትተኛለሽ፤ አጥንትሽም መሳሳቱን ይተዋል፤
ለመጀመር አልረፈደም፤ ዕድሜሽ ገና ይፈቅዳል።
ማህፀን ስላለሽ ግን ፕላስተሩ ብቻ አይበቃም፤ ማታ ኪኒን ይጨመራል።
ደም መርጋት አለ፤ በቆዳ ሲሆን ስጋቱ ያንሳል።
ጡት ላይ ደግሞ… ዓመቱ ሲረዝም፣ ከሺህ ሴት ጥቂት…"

ጥቂት አለች።
ጥቂቷን እኔ አውቃታለሁ፤ ስም አላት፤ ሰዓዳ ትባላለች።
ታናሼ ነበረች። ኮምቦልቻ፣ አንድም ኪኒን ሳትውጥ፣
"ብጉር ነው" እያለች እብጠቷን በሻሽ ስትሸፍን፣ ወሬውን ስትለውጥ፣
በአርባ አንድ ዓመቷ።
የላክኩት ብር ሳይደርስ የሷ መርዶ ደረሰኝ።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። "ይህን ለምን አስቀድመሽ…
በይ መጀመሪያ ጡትሽን ፎቶ ተነሺ፤ ከዚያ እናወራለን።"

ውጤቱ እስኪመጣ አሥር ቀን
ተጋድሜ፣ ላቤን እየጠረግኩ፣ ስመዝን።
አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ፤ እውነት ነው።
ደግሞ እንቅልፍ ያጣ እጅ ይከዳል፤
ባለፈው ሳምንት ሦስት ብርጭቆ፤ ትናንት የትንሹ ልጅ ስም ጠፋኝ።
ምንጣፍ ይዤ ደረጃ የምወጣው በዚሁ አጥንት ነው፤
ዳሌዋ ለተሰበረ ሠራተኛ ኢቃማ የሚያድስ ማነው?
ማዳም ብትታመም ማዳም ናት፤
እኔ ብታመም ትኬት ነኝ።
ማንን ልጠይቅ? እናቴ ስታርጥ ማን ሰማ?
በክረምት ደጅ ወጥታ ተኛች፣ "ቤቱ ጠበበኝ" ብላ፣ በዚያ ጨለማ።

ፎቶው ንጹሕ መጣ።
"ሦስት ወር ሞክረሽ፣ ካልተስማማሽ ትተይዋለሽ፤
ጡትሽን ግን በየዓመቱ ታሳያለሽ።
ሉባባ፣ ምርጫው ያንቺ ነው" አለች።
በኩዌት ይህን ቃል ማንም ብሎኝ አያውቅም።
ሳጥኑን ይዤ ወጣሁ፤ አራት ቀን ቅቤው አጠገብ ተቀመጠ።

ዛሬ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማዳም ከላይ ተኝታለች።
ከፈትኩት። ከእምብርት በታች፣ ከጡት ርቆ፣ እንዳለችው።
ቢስሚላህ ብዬ በመዳፌ ተጭኜ እስከ አሥር ቆጠርኩ።
ስምንት ላይ ሰዓዳ መጣች።
እጄን አላነሣሁም፤
አላጠበቅኩምም።