ባሌ በቫሌታ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በጓሯችን ጥግ፣
እንጨት ሲልግ ውሎ፣ ፍቅፋቂ ሲጠርግ፣
አውቶብስ ሲጠግን፣ ዕድሜውን የፈጀ፣
ጋስፓሬ፣ በጡረታው፣ ነጭ ጀልባ አበጀ።

እኔ ኑንዚያታ፣ ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር የምፈራ፣
«ቫሌታን ላሳይሽ» ብሎ በሰው ፊት ቢጠራ፣
«እሺ» አልኩ በኩራት። ምላስ ናት መከራ።

ከፖዛሎ ወደብ፣ ማታ ተነሥተን፣
ሲሲሊን ከኋላ፣ በጨለማ ጥለን፣
እሱ መሪ ጨብጦ፣ እኔ ባልዲ አቅፌ፣
ቅዱሳኑን ሁሉ፣ ስም በስም በአፌ
ጠራሁ እስኪነጋ፤
ስማቸው ሲያልቅብኝ፣ ዳግም አሰልፌ።

ሲነጋ ግን... ሲነጋ፣ ከተማዋ አለች።
ማር በመሰለ ድንጋይ፣ ከውሃ የበቀለች፤
ምሽግ በምሽግ ላይ፣ ወደ ሰማይ ተስባ፣
የጧቷን ፀሐይ፣ እንደ ኩታ ደርባ።
«እየው!» ብዬ ብጮህ፣ ባሌ ቀና ሳይል፣
«መልሕቁን ልየው» አለኝ፣ ገመድ ሲጠቀልል።

ከጎናችን ታስራ፣ የዓሣ አጥማጁ የቼንሱ ጀልባ፣
ሰማያዊና ቢጫ፣ ልክ እንደ አበባ፣
በግንባሯ ግራና ቀኝ፣ ዓይን ተሥሎላታል፤
«ያለ ዓይን» ይላል ቼንሱ፣ «ባሕር ማን ይገባል?»
የኛን ዞሮ አየና፣ ራሱን ነቀነቀ፤
«ያንተዋስ ዕውር ናት?» ብሎ ጠየቀ።
ጋስፓሬ በአፉ ሳቀ፣ በሆዱ ተጨነቀ።

ወጣን ወደ ከተማው። ምድሪቱ ትዋኛለች፤
ባሕሯ ከጉልበቴ፣ መቼ ገና ወርዳለች?
መንገዱ ደረጃ ነው፣ ደረጃው መንገድ፤
ከየፎቁ ግንባር፣ አረንጓዴና ቀይ፣
ቁምሳጥን መሳይ ሰገነት ተንጠልጥሏል።
አንዲት ሴት ከዚያ ላይ፣ ቅርጫት በገመድ ቁልቁል ትለቃለች፤
ዳቦ ሻጩ ሞልቶ፣ ሂሳቡን ቆጥሮ ሲያበቃ፣
ጎትታ ታወጣለች።

«አየህ?» እላለሁ። እሱ በየመንገዱ ጫፍ፣
ባሕር ብቅ ባለ ቁጥር፣ አንገቱን እንደ ወፍ
አስግጎ ይፈልጋል፣ የጀልባዋን ምሰሶ፤
ሲያጣት ይጎትተኛል፣ መንገዴን መልሶ።

ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግንብ፣ ሁለት ሰዓት አለ፤
አንደኛው ልክ ነው፣ ሌላው ስቶ ዋለ።
«ነፍስ ሊሰርቅ የመጣ፣ ሰይጣን እንዲምታታበት
ነው» አለችኝ አንዲት፣ ሻማ የምትሸጥ ወይዘሪት።
ለባሌ ልነግር ብዞር፣ ጣቱን በምራቅ አርሶ፣
ነፋስ ይለካል፤ አጠገቤ ቆሞ፣ ልቡ ጀልባው ደርሶ።

ቀትር ሆነ።
ከምሽጉ አናት፣ መድፍ አጓራ፦ ድም!
ርግቦች ተበተኑ፤ አገር ጎብኚው አጨበጨበ።
ባሌ ግን፣ «ጋዙ! የጋዝ ሲሊንደሩ!»
በስድሳ ስምንት ዓመቱ፣
ያን ሁሉ ደረጃ፣ ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወረደ፤
ሁለት ትኩስ፣ አይብ የሞላበት፣ ሳምቡሳ የሚመስል ነገር፣
በእጄ ላይ ጥሎ።

እኔ አልሮጥኩም።
የእኔን በላሁ። የእሱንም በላሁ።
ከዚያ ብቻዬን፣ ቀስ ብዬ፣ ከተማዋን ጨረስኩ።

ሲመሽ ብመለስ፣ ባሌ ተንበርክኮ፣ በቼንሱ ቀለም ሲሥል ነበረ፤
አንድ ዓይን አውጥቶላታል፣ ያውም የተንሸዋረረ።
«ሌላውስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ቀለሙ አጠረ።»

ከተማዋ መብራቷን፣ አንድ በአንድ ለኮሰች፤
ውሃው ላይ ተገልብጣ፣ ሁለት ሆና ታየች።
ጋስፓሬ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ብሩሽ እያጠበ፣
«እስቲ ንገሪኝ» አለ፣ «ምን ትመስላለች?»

ነገርኩት። ሰገነቱን፣ ቅርጫቱን፣ ሴትዮዋን፣
የሻማ ሻጯን ወሬ፣ የሰይጣንን ግራ መጋባት።
ደስ ሲለው ሳይ፣ ያላየሁትንም ጨመርኩ፤
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣
ያስነጠሰ ፈረስ።

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ፣ እስከ መጨረሻው።
ከሁለቱ ሰዓት፣ እኔ የትኛው እንደሆንኩ፣
አልጠየቀኝም።