የደመወዝ ወረቀት ጀርባ

እናቴ አትጠገብ፣
ሌሊት ጨርቃ ጨርቅ፣ ከክር ስትታገል፣
ጠዋት ሽምብጥ ወርዳ፣ መሰላል ላይ ስትውል፣
አያ ሙጬ ዓሣ ቤት፣ ቆሮሶ ስትስል፣
«ሴትዮዋ አበደች» ነበር የሰፈር ቃል።

ያኔ እኔ ቀለም ያዥ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፤
አንጋጥጬ ሳያት፣ ያ ጥጥ የለበሰ እጅ
አንዲት ነጥብ ጣለ፤
ዓሣው አየኝ እንጂ!

ቀለም ብቻ መስሎኝ፣ ያወረሰችኝን፣
አርባዋ ሲወጣ፣ ብንከፍት ሳጥኗን፣
በድር የታሰረ፣ የደመወዝ ወረቀቷን አገኘን።

ፊቱ ግብር፣ እድር፣ ቅጣት፣ ተቀናሽ ሁሉ፤
ጀርባው ግጥም፣ በእርሳስ፣ ደቃቅ ነው ፊደሉ።
ከፊት የጎደለው፣ ከኋላ ነው ሙሉ።

የመጨረሻው ላይ፣
«ጣና ዛሬ ጠዋት» ብላ ትታዋለች።
ልጨርስላት ብዬ፣
ስንት ቀን ጻፍኩ፣ ስንት ቀን ሰረዝኩ።
ትናንት ሽምብጥ ወረድኩ።

የሙጬ ልጅ ቤቱን፣ ኖራ እያስቀባ ነው፤
ቡርሹ ከዳር እስከ ዳር፣ ግድግዳውን አነጣው፤
ቆሮሶው ጋ ሲደርስ፣
ዞሮት አለፈው።

እርሳሴን ኪሴ ከተትኩ።
ጣና ዛሬ ጠዋት፣
ዓሣው እያየው ነው።