የግራው በር

ሸራውን ሲገፍፉት ዶሮዋ ጮኸች፣
እንቁላሏን ትታ በመስኮት ወጣች።
«ይቺው ናት!» አለ ልጁ፣ ካሜራ ያነገተው፣
የኛን ቤት ጉድ ሰምቶ ከሸገር የመጣው።

ፊያት ናት፤ የአባቴ፤ በስልሳ አራት ዓመት
ሦስት ወር ብቻ ነው ታክሲ የሆነችበት።
መጋቢት ተገዛች፤ ሰኔ ላይ ሰው ሞተ፤
ፖሊስ ሲመልሳት፣ ሞተሯ ዝም ብሎ ሸራ ሥር ተከተተ።

ሟች ወልደሰንበት ነው፣ የግምጃ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ፣ በጉም፣ ከኋላ ወንበር እንደተቀመጠ በስለት የቀረ።
ቦርሳው አልተገኘም።
አባቴ ለራዲያተር ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ነበር፤ ገዳዩን አላየም።

አላየም? አሥራ አንድ ወር ታሰረ። ቃሉ ያው ነበር፦
«ጉም ነው ያየሁት ጌታዬ፤ ጉምና የተከፈተ በር።»
ማስረጃ ጠፍቶ ሲፈታ መሪ አልጨበጠም ዳግም፣
ሰኞ ገበያ ጆንያ ሲሰፋ ኖረ፤ ሲሞትም አልተናገረም።

ታጠበች፤ ተቀባች፤ ሰማያዊው ግን የኛን አልመሰለ፤
የኛስ የጦሳን ሰማይ ነበር፣ ሊዘንብ ሲል፣ ጠቆር ጠቆር ያለ።
ደም ብለው ቀይ ሥር ቀቅለው በጆግ ይዘው መጡ፤
የጉም ማሽንም ነበራቸው፤ የሐረጎ ጉም ሲቀድማቸው፣ ማሽኑ ላይ ተቀመጡ።
አባቴን የሚሠራው ልጅ ጺሙ ገና ነው፤
ሲንቀጠቀጥ ባየው ነጠላዬን ደረብኩለት፣ የእናት ነገር ሆነብኝ፣ የአባቴ እናት ይመስል፣ ምን ላድርገው።

አጎቴ ሙሄ አብሮን መጥቷል፤ ሰማንያ ሞልቶታል፤
ምርኩዙን አገጩ ሥር ተክሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።
ያን ዓመት እሱ አሰብ ነበር፤ ወደብ ላይ፣ ጨው ሲጭን።
ቤታችን ይህን የማያውቅ የለም፤ ስንቴ ሰምተነዋል፣ ሙቀቱን፣ ዓሣውን፣ የመርከቡን ጩኸት፣ ሁሉን።

«ቀረጻ!»
ገዳዩ ቦርሳ አቅፎ ሊያመልጥ፣ በኋላው ግራ በር፣
ጎተተ። ገፋ። በርግጫ አለው። ንቅንቅ የለም፤ ድፍን ዳገት ሆኖ ቀር።
«ቁረጥ!» «ድገም!» «ቁረጥ!»
እኔ አውቀዋለሁ የዚያን በር አመል፤
ከባለቤትዋ ጋር የመጣ ነው። በሰባት ዓመቴ አባቴ አሳይቶኛል፦
እጀታውን ወደ ላይ፣ ጉልበት ከሥር፣ ከዚያ ትንሽ ማባበል።

ልነሳ ስል፣ ምርኩዝ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።
አጎቴን አየሁ።
«አብሽር» አለው ተዋናዩን፤ ጎንበስ ብሎ ገባ ኋላ ወንበር፤
ዓይኑ ጉሙ ላይ እንዳለ፣ ሳያይ፣ እጀታውን ከፍ፣ ጉልበቱን ከሥር፣
ማባበል።
ተከፈተ በር።

አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ ሳቀ፣ «ሽማግሌው ሙያተኛ!»
አጎቴ እጁን አየው፣ ገልብጦ፣
እንደ ሰው ዕቃ፣ ከኪሱ ድንገት እንዳገኘው።
ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ገጠምን።

አሰብ ወደብ ላይ ጨው የሚጭን ሰው
የዚህን በር አመል ማን አስተማረው?

አባቴ ሆይ፣ አሥራ አንድ ወር ወህኒ፣ ሠላሳ ዓመት ጆንያ!
ጉሙን ለፖሊስ ሰጠህ፤ በሩን ለራስህ ያዝክ፣ የወንድም መታወቂያ።

ፊልሙ ሲያልቅ «ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል አሉ።
የስድስት ቀን ኪራይ ቆጠሩልኝ፤ ፈረምኩ፤ ሄዱ፤ ቀለል አሉ።

ኢሱዙ እየጎተተን ዳገቱን ወደ ደሴ ወጣን፤
እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ከኋላ፤ ቃል አልወጣንም፣ ጉም ብቻ ተከተለን።
ግቢ ደረስን። ወረድኩ። ዞሬ በግራ በኩል ቆምኩ።
መስታወቱ ውስጥ ፊቱ አለ፤ እጆቹ ጭኑ ላይ፣ እንደ እንግዳ ሰው፣
መክፈቻውን እንደማያውቅ፣
እንዲከፍቱለት ይጠብቃል።

እኔም ቆሜያለሁ።