ሕመም ከአንድ እስከ ዐሥር

ከማራኪ ወረድ ብሎ፣ ከጎሚስታው ቤት ጀርባ፣
የቆርቆሮ ክፍል አለች፣ ዝናብ ሲጥል የምታነባ፤
ሰባት ነርስ፣ አንድ አዋላጅ፣ ሁለት የላብራቶሪ ልጆች፣
ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነን፣ የሰው አገር ቃል ለቃሚዎች።
መምህር ገላጋይ ጠመኔውን ከእጁ ላይ እያራገፈ፣
«ጠረጴዛ ወንድ ነው» አለን፤ ቦርዱ ላይም ጻፈ፤
«መርፌ ሴት ናት። አልጋ ግን፣ ወንድም ሴትም አይደለም።»
አልጋ ላይ የተኛውን እንጂ፣ አልጋውን ጠይቄ አላውቅም።

አባቴ በዚህ ይስቃል። ለቅኔ ጎንጅ ድረስ
በእግሩ የሄደ ሰው ነው፣ በጨረቃ ግስ ሲገስስ
ያደገ። «የኔታ ስንቴ ‹ቤት አልመታም› ብለው
መልሰውኛል» ይለኛል፤ «ያንቺስ የኔታ ማነው?»
«ኮምፒዩተር ነው» አልሁት፣ «ድምፄን ቀርጾ፣ የሰከንድ ልክ የሚጠብቅ።»
ትንሽ አሰበና፣ «አይማለድማ! እግር የለው፣ እግሩ ላይ ለመውደቅ።»

ሁለት ጊዜ ተፈተንሁ። ማንበቡን፣ ማዳመጡን አለፍሁ፣
መናገሩ ላይ ስደርስ፣ በሦስት ነጥብ ወደቅሁ።
«ሕመሙን ከአንድ እስከ ዐሥር በሽተኛውን አስቆጥሪ»
ይላል ጥያቄው። ሰዓቱ ይሮጣል፣ ልቤም በራሪ።
እኔ የማስታምመው ሰው ግን መች ቁጥር ይነግረኛል?
«ጎኔን ቀስፎ ይይዘኛል፣
ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፣
ሆዴን ደግሞ፣ እንጃ ብቻ፣ ባር ባር ይለኛል።»
አንዲት የጭልጋ እናት፣ «ስንት ነው?» ብላት አንድ ቀን፣
«አራት ወልጃለሁ» አለችኝ፤ «የሁለተኛውን ያህላል ሲመዘን።»
ይህን ጽፌ የት ልላከው?

ባለፈው ዓመት ያለፈችው ይርገዱ ከላይፕሲግ ደወለች፤
«ሽማግሌዎቹ የሚያወሩት ደብተራችን ላይ የለም» አለች፤
«አንዱ ‹እዚህ ውስጤ ድመት ተኝታለች› አለኝ፣ ደረቱን እየዳበሰ፤
ቁጥሩን ብጠይቀው፣ ዝም ብሎ አለቀሰ።»

ኅዳር ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት። መብራት ሄዶ ጀኔሬተር ሲያጓራ፣
በመተማ መንገድ የመጣች ሴት አስገቡ፣ አቧራ
የጠጣ ቶብ የለበሰች፤ ኢንቲሳር ይላል ወረቀቷ፤
ሌላው ሁሉ ዐረብኛ ነው፣ ቃሏም፣ ስድቧም፣ ጸሎቷ።
«ወጀዕ» ትላለች፣ «ወጀዕ»። እኔ እጇን ይዤ፣ ደንግጬ፣
ሁለት ዓመት የቋጠርሁትን በአፌ ውስጥ አላምጬ
«ቮ ቱት ኤስ ቬ?» አልኋት።
የት ላይ ነው የሚያምሽ፣ በጀርመንኛ፣ ለሱዳን ሴት፣ በጎንደር ሌሊት!
አንድ ፊደል አልተሰበረም። ማሽኑ ቢሰማኝ ኖሮ ያን ዕለት...

እትዬ ማንጠግቦሽ ኮሪደሩን ስትወለውል ነበረች፤
መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቀረበች።
ካርቱም ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው ልብስ ያጠበች ናት፣
ለደመወዝ በአሻራ የምትፈርም። ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አለቻት፤
ምን እንደሆነ አላውቅም። ሴትዮዋ ትንፋሽ አወጣች፤
ማንጠግቦሽ ወደ እኔ ዞራ፣ «ከቀኝ በታች ነው» አለች፣
«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። አስመልሷታል። መርፌ ትፈራለች።
ልጇ በር ላይ ቀርቷል፣ ዘበኛው ከልክሎት፤ አስገቡልኝ ትላለች።»

ትርፍ አንጀት ነበር፤ ሳይፈነዳ ደረሱላት፣ ጎሕ ሲቀድ፤
ልጁ ደብተሬን ተንተርሶ አደረ፣ ከወንበሬ ሳይወርድ።

እኔ አሁንም እሄዳለሁ። መዋሸት ምን ያደርጋል?
የሦስት ወር ደመወዝ ከፍዬ፣ ለጥር ስሜ ተመዝግቧል።
ደብተሬ ላይ ግን፣ «ሽሜርትስ» ከሚለው ቃል ሥር
«ወጀዕ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ጎኑ ላይ ሳልጽፍ ቁጥር።

ማታ ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ ነጩን ጋዋኔን ደርቤ
«ቮ ቱት ኤስ ቬ?» እላለሁ፣ ለባዶው ግድግዳ ቀርቤ።
ማንጠግቦሽ ቀና ሳትል፣ ባልዲዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች፣
«ወገቤን ነው፣ ልጄ፣ ወገቤን» ትለኛለች።