የሮብሌ ሸራ

ከባቡሩ ወርዶ፣ በባጃጅ ተጭኖ፣
ከዚራ ደረሰ፣ ሸሚዙ ላብ ሆኖ።
ሮብሌ ነው ስሙ፤
"ዝናብ ያመጣው ልጅ" ማለት ነው ትርጉሙ፤
አቦ፣ ለእኛም ምነው ጠብታ ቢጥልልን፣
ኒሙ እንኳን ጥላውን ከእግሩ ሥር ሲሰበስብብን!

"ፈትሒያ አንቺ ነሽ ወይ፣ ሸራ ሰፊይቱ?"
"ነኝ፤ የጫት አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ የሠርግ ቤቱ፣
የለበሰው ሁሉ ከዚህ ነው ስፌቱ።"

"ጀልባ አለችኝ፣" አለ፣ "ንፋስ ነው ሞተሯ፤
ከኋላ ጉድጓድ አላት፣ እዚያ ነው መንበሯ፣
መሪ ይዤ ምቀመጥ። ቀን ፀሐይ ይጠብሰኛል፣
ሲነፍስ ደግሞ ባሕሩ ፊቴን በጥፊ ይለኛል።
ክዳን ያስፈልጋት ይሆን? ወይስ ይቅርባት?
ሚስቴ ግዴታ አለች፤ ወንድሜ ሳቀባት፤
እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አሰብኩባት።"

እኔ ባሕር አላውቅም፤ የማውቀው ደቻቱን፣
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ አንድ ሌሊት ሞቱን።
አባቴ ለፉርጎ ሸራ ሲሰፋ ኖሮ
ያስተማረኝ አንድ ነው፣ ከልጅነት ጀምሮ፦
"መቀስ ሳትይዢ በፊት፣ ሰውየው ሲቀመጥ እዪው፤
ከዕቃው አይደለም ልኩ፣ ከሰው ነው ምታገኚው።"

ደቻቱ ወረድን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች።
በዱላ ሣልኳት ጀልባዋን፤ አሸዋው ላይ ተኛች፤
በሮብሌ ክንድ ተለክታ አሥራ አራት ሆነች።
ከሻይ ቤት አራት ወንበር ተውሰን፣
ሁለት ቀርከሃ ተክለን፣
በላዩ የአይሱዙ ትራፊ ሸራ ጥለን፣
"ግባ" አልኩት። ገባ። መሪ ብሎ ያዘ
የመጥረጊያ እጄታ፤ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ።

ጃፋር፣ የጎረቤት ልጅ፣ ማዕበል ሆነልን፤
በጆግ ውሃ ይዞ ከፊት ረጨልን።
ገንዘብ አልጠየቀም፤ እንዲያውም "ልድገመው?" አለ፤
የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መጣ፣ ባልዲ እያንጠለጠለ።

መጀመሪያ በክዳን፦ ውሃው ሸራውን ነካ፣
ወርዶ አሸዋ ጠጣው፤ ሮብሌ ደረቀ፣ ረካ።
ጥላው ሲያቀዘቅዘው ዓይኑ ተስለመለመ፤
አራተኛው ባልዲ ሲመጣ ሰውዬው ሕልም አለመ።

ቀጥሎ ያለ ክዳን፦ ባልዲው እንዳለ ወረደበት፤
ሰደበን፣ ሳቀ፣ እንቅልፉ ጠፋበት።
ቀና ብሎ ቀርከሃውን ሲያይ፣ "አሁን ይታየኛል፤
ንፋሱ ምን እንዳሰበ ጨርቁ ይነግረኛል።"

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ ሐብሐብ ሻጩ በዳሳ።
ከአሸዋው ዳር የሚያድር። የሰፋሁለትን ሸራ
"ኮከብ አያሳልፍም!" ብሎ ያመሰገነኝ።
ያን ሌሊት ደንገጎ ላይ መብረቅ ነበር፤ ድሬ ደረቅ፤
ቀና ያለ ሁሉ አይቷል።
ከዚህ በላይ አልናገርም።

"ስማኝ፣" አልኩት፤ "መልሕቅ ጥለህ ስታርፍ፣ ስትበላ፣
ያኔ ክዳን ይኑር፤ እሰፋልሃለሁ ጥላ።
ስትነዳት ግን ይታጠፍ፣ በዘለበት ይጠቅለል፤
ለርጭቱ፣ ከፊት ለፊት፣ እስከ ደረትህ ብቻ
በባጃጅ መስታወት ላስቲክ ይከለል።
ለአናትህ ባርኔጣ ግዛ፤ ታይዋን ሞልቷል፣ ርካሽ ነው።"
"ሚስቴስ?" አለኝ።
"እሷንም አምጣት፤ ጃፋር እዚሁ ነው።"

ማታ ደንገጎ ዘነበ። ደቻቱ ትንሽ መጣ፣
እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ሰው ሳይነካ፣ ሳይቆጣ።
ጠዋት ብንወርድ ጀልባዋ ከአሸዋው የለችም፤
የረሳነው አንዱ ወንበር፣ የሻይ ቤቱ፣ እሱም የለም።
ሮብሌ ሻንጣውን ይዞ ቁልቁል አየና፣
"ያለ ክዳን ሄደች፣" አለ።
የወንበሩን ዋጋ ከፈለ፣ ቀብዱን ጨመረና።