አጣሪው

ኅዳር ነው፤ ሌሊት ነው፤ ባሕሩ ሸሽቷል፤
የብሬመርተን ዳርቻ፣ ጭቃው ተገልጧል።
ማርሊስ ትቬት ከፊት፣ በግንባሯ መብራት፣
እኔ ሽቦ ይዤ ከኋላ ስከተላት፤
ጭቃው ቦት ጫማዬን እየሳበ ሲያስቀረኝ፣
የሰባ አንድ ዓመት እግር እየቀደመኝ።

በሽቦው ቅርጫት ውስጥ ጥቁር ዛጎሎች አሉ፣
ባለ ሁለት ክዳን፣ አውራ ጣት የሚያክሉ፣
ከንጹሕ ውኃ መጥተው በውሰት የዋሉ።
ሥራቸው አንድ ነው፤ ከንፈር ከፈት አርገው
ባሕሩን ማጣራት፣ ጉንጭ በጉንጭ ተጎንጭተው።
ምግቡን ያስቀራሉ፣ ውኃውን ይለቃሉ፤
ያልታዘዘላቸውን መድኃኒት ይውጣሉ።
ፖሊስም ያጣራል፣ ፍርድ ቤትም ያጣራል፤
መዝገቡን ከሆዱ እንደ ዛጎል ማን ያኖራል?

ማርሊስ ቅርጫቱን ከብረት ዘንግ አሰረች፤
ስትጨርስ፣ እንደ ሕፃን አልጋ፣ መታ መታ አረገች።
«በሉ እንግዲህ ቅመሱ፣ እስከ የካቲት ድረስ፤
ምን እንደምናጠጣችሁ ያኔ እኛም እንቅመስ።»

ማዶ የመርከብ ጥገናው ክሬን በቀይ ዓይኑ ያፈጣል፤
የመጨረሻው ፌሪ ወደ ሲያትል ይወጣል፤
ዳገቱ ላይ መስኮት፣ መስኮት፣ መስኮት ይበራል፤
በየመስኮቱ ሥር ቧንቧ ያንጎራጉራል።
አንዱ ለደም ግፊት፣ ሌላው ላልታወቀው፣
ማታ የዋጠውን ጎሕ ሲል ሸንቶ ለቀቀው፤
የፍሳሹ ጣቢያ የሚችለውን ያዘ፣
የማይችለው ግን ወደ ባሕር ተጓዘ።

የካቲት። ዝናብ። ቅርጫቱን ፈታነው፤
በበረዶ ሣጥን ለኔስቶር ሰጠነው።
ኔስቶር ማግባኑዋ የቢላ ጫፍ አስገብቶ፣
ዝም ያለውን አፍ ቀስ አድርጎ ከፍቶ፣
ብርቱካን የመሰለ ሥጋውን ፈጭቶ፣
ሆድ ይፍጀው ያለውን ከሆዱ አውጥቶ
ለማሽኑ አጎረሰው።

ማሽኑ ሦስት ቀን አጉረመረመ፤ ከዚያ ወረቀት ተፋ።
በዝርዝሩ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ አምስተኛው መስመር፣
ኦክሲኮዶን፤ የሕመም ማስታገሻ።
ቁጥሩ እዚህ ግባ የማይባል፣ ከነጥቡ በኋላ ዜሮ፣ ዜሮ፣
ግን አለ።

ማርሊስ መነጽሯን አወለቀች።
ጠረገች። አደረገች። እንደገና አወለቀች።

«ኦርቪል፣» አለች። ባሏ ነው። የመርከብ በያጅ ነበር፤
ወገቡን ከብረት ጋር ሠላሳ ዓመት ሲያጋጭ የኖረ።
«የቀበርነው ዕለት ማታ፣ በመሳቢያው ስድስት ብልቃጥ፤
አንደኛው ማኅተሙም አልተነሣ።
ሽንት ቤት ገለበጥኩት፤ ውኃ ለቀቅኩበት።
የልጅ ልጄ ያገኘዋል ብዬ ነው።
ነጭ ነጩ ሲሽከረከር አይቼ፣ ተገላገልኩ ብዬ
መብራት አጥፍቼ ተኛሁ።»

ኔስቶር ቸኮለ፦ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! እሱማ
ድሮ ታጥቦ ሄዷል። ይሄ ያንቺ አይደለም።
ይሄ የከተማው ነው።»

«እኔስ የማን ከተማ ነኝ?»

እኔ ምንም አላልኩም። ወንበሬን ሳስጠጋ
ኪሴ ውስጥ ያለው የእንቅልፍ ክኒን ብልቃጥ
ተንኮሻኮሸ፤ በእጄ ያዝኩት።

ዝናቡ አላባራም። ባዶ ክዳኖቹን በፌስታል
ለልጅ ልጇ ይዛ — ውስጣቸው ሰማያዊ ነው፣
እንደ ቆየ ጠባሳ ያብረቀርቃል — በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

«ኦርቪል ሲውጠው ሃያ ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት።
ከዚያ ግንባሩ ይፈታል፤ ቴሌቪዥን ክፈቺልኝ ይለኛል።
እሱ ዛጎል፣ ኔስቶር፣ ሦስት ወር ሙሉ የዋጠው፣
ተሻለው ወይ?»

ኔስቶር አፉን ከፈተ።
ዘጋው።